የጀልባዋ ሐኪሞች

አርብ ጠዋት የእስራኤሏ ሐደራ ገበያ ጊዜ ያለው ሰው አይገኝበትም። ሰንበት ልትገባ ነው፤ ቲማቲም የሚመርጠውም፣ ጤፍ የሚያስመዝነውም፣ ወረፋ የሚሰርቀውም ይሮጣል። ባለፈው አርብ ግን ጎረቤታችን ከገበያው ጀርባ፣ ግንቡ ሥር ከቆመችው ጀልባው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጎኗን በምራቁ ሲያሽ ታየ። ነጭ ገላዋ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ያ ሁሉ ሯጭ ከየት ጊዜ እንዳገኘ እንጃ፣ አፍታም ሳይቆይ ከበብነው።

ጀልባዋን ከገዛ ዓመት ሊሞላው ነው። ባሕሩ እዚሁ ነው፤ እሷ ግን ከተጎታቿ ላይ ወርዳ አታውቅም። በክረምት ውረድ ሲሉት «ሻርኩስ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ ወደ ባሕር የሚለቀው ሙቅ ውኃ በብርዱ ወራት ሻርኮችን ይሰበስባል። በበጋ ውረድ ሲሉት ደግሞ «ፀሐዩስ?» ይላል። ባሕር ሳይነካት እንዲህ መጎዳቷ አሳዘነን።

ሕክምናው ተጀመረ። ሎሚ ሻጩ «ሎሚ በጨው!» አለ። የጽዳት ዕቃ የሚሸጠው በረኪና አዘዘ። የሽቶና የጥፍር ቀለም ነጋዴዋ አሴቶን አለች። ሁሉም ያዘዘው ከራሱ መደብ ላይ ያለውን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዓሣ ሻጩ ብቻ ዝም አለ፤ ከመካከላችን ባሕር የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

እኔም ሰው ነኝ፣ አላስቻለኝም። «አመድ ነው እንጂ!» አልኩ። ጎንደር ድስት በአመድ ፈትገን ነው ያደግነው። የምሸጠው አመድ እንኳ የለኝም፤ እንዲሁ በነጻ ነው የተሳሳትኩት።

በመጨረሻ ቀለም ቤት የሚሠራ ልጅ መጣና አስተማረን። እድፍና ጭረት ለየቅል ናቸው፤ እድፍ ከሌላ ነገር ተፍቆ የተለጠፈ ነው፣ ጭረት ግን ከራሷ የጎደለ ነው። ጥፍር ሲያልፍበት ከያዘ ጭረት ነው፣ ከተንሸራተተ እድፍ። ጎረቤታችን ጥፍሩን አሳለፈ፤ ተንሸራተተ፣ ተመስገን። እኛ ግን አላመንነውምና ሁላችንም በየተራ አሳለፍን። ሃያ ጥፍር ካለፈበት በኋላ ጭረቱም ተገኘ።

ልጁ ቀጠለ፦ መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ። ካልለቀቀ ያ ግድግዳ የምናጸዳበት ነጭ ስፖንጅ፣ ግን ቀስ ተብሎ፤ ለስላሳ ይምሰል እንጂ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ አንጸባራቂ ሽፋኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከበሉት አይመለስም። ከዚያ ሰም ይቀባል። ሳሙና የሚለውን ማንም አልሰማም። ለጀልባ ሳሙና! ስፖንጁ ተያዘ፣ ክንድ ተጠቀለለ፣ ጥቁሩ ሄደ። አብሮት አንጸባራቂውም ሄደና መዳፍ የምታህል ራሰ በራ ቀረች። ጎረቤታችን እሷን ለማመሳሰል ሙሉውን ጎን ሲፈትግ ዋለ።

ምርኩዛቸውን ተደግፈው የሚያዩ አንድ አባባ ነበሩ፣ ጣና ዳር ያደጉ። «የደንገል ታንኳ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም» አሉ፤ «ውኃ ሲጠጣ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ነው፣ ከወራት በኋላ ሲያረጅ ሌላ ማሰር ነው።» ጎረቤታችን በአክብሮት አዳመጣቸውና፣ «እና አባባ፣ ታንኳውን በምን ነበር የምታብረቀርቁት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሰዉ ሲበተን እኔም ጋሪዬን ይዤ በጀልባዋና በግንቡ መካከል ባለችው ጠባብ ማለፊያ ገባሁ፤ በየአርቡ የማቋርጥባት ናት። ጋሪዬ እንደ ልማዷ ዘንበል አለች። የእጀታዋ ጥቁር ጎማ የጀልባዋን ጎን ሳም አደረገና፣ ጎረቤታችን ሲፈትግ በዋለበት ቦታ፣ በዚያው ቁመት፣ አዲስ መስመር አሰመረ።

ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አላየኝም። አሁን ዙሪያውን ነው የምሄደው። በዚያ በኩል የቆመችው የሌላ ጎረቤት መኪና ናት፣ እሷም ነጭ።