ተች ነው፤ እንዳትነኩት!

ወልድያ ላይ በጣቱ መሳል ያማረው ሰው ዕጣው ስልክ ነው። መዳፍ በማትሞላ መስታወት ላይ ዓይን እስላለሁ ሲል ቅንድቡን ያጠፋዋል፤ ላጉላው ብሎ ሁለት ጣቱን ሲዘረጋ ሥዕሉ ከፊቱ ይሸሻል። መርሳና ሐብሩ ቆላ ከወረደ ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ ጣት ሲያልበው ስልኩ ግራ ይጋባና ማንም ያላሰበውን መስመር በሥዕሉ መሀል ይለቀዋል። መብራት የጠፋ ዕለት ያለችውን ባትሪ ለሥዕል መጨረስማ ከቤተሰብ ያጣላል።

ትልቅ ስክሪን ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ አለ። አስር ጣት ባንዴ የሚቀበል፣ ሦስት ልጆች ተሰልፈው ቀለም በመዳፋቸው የሚበትኑበት ተች ስክሪን አንዳንድ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል። ፕላስቲኩ ግን አልተላጠም፤ ከሥሩም «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ላም አለኝ በሰማይ! አንድ ግቢ ገብቼ ብጠይቅ ጥበቃው «ኃላፊው ይምጣ» አለኝ፤ ኃላፊው «ባለሙያው ይምጣ»፤ ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል፤ ቁልፉም አብሮት ሄዷል።

የማይነካ ስክሪን ለኛ አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባላቸው፣ መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያንበለብለው ነበር፤ እጅ ቢወጣ አያይ፣ ቢጠየቅ አይሰማ። እሺ፣ ያኛው እጅ የሚያይበት ነገር አልተሠራለትም። ይኼኛው እኮ የተሠራው ለእጅ ነው!

ጠባቂዎቹን ጨርሶ መኮነንም ይከብዳል። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ ዩኒቨርሲቲዋ ሳይቀር ሲዘረፍ ያየ ሰው፣ በተረፈው ዕቃ ቢሰስት አይፈረድበትም። ግን ሌባ የፈራ በሩን ይቆልፋል እንጂ ልጅ እንዳይስል ይከለክላል?

ቢፈቀድም ጣጣው አያልቅ። ከእነዚህ ትልልቅ ስክሪኖች ብዙዎቹ ጣትን የሚለዩት ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በሚያልፍ፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ብርሃኑን የጋረደ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል፤ የነጠላ ጫፍ መስመር ያወጣል፣ የሸሚዝ እጅጌ ቀለም ያፈሳል። ስክሪኑ የሚበራው ደግሞ ለስብሰባ ሪፖርት ብቻ ነው። ያን ዕለት ዝንብ መጥታ ቁጥሮቹ ላይ ታርፋለች፣ እንዳሻት ትነካካለች፤ ከሁላችን ቀድማ፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም።