ብርበራ እስከ ሦስተኛ ፎቅ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ለሌላ ማስተላለፍን አጥብቆ ስለከለከለ፣ ለዜጋው የቀረው ክልከላው በተግባር የሚፈጸምበትን ጥበብ ማድነቅ ብቻ ነው። ጥበቡ ጎልቶ የታየው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት ነው፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መሣሪያ ያለው ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግቦ አካባቢውን እንዲጠብቅ፣ መጠበቅ የማይችለው ደግሞ መሣሪያውን ለመንግሥት፣ ለቅርብ ዘመዱ ወይም ለጓደኛው እንዲሰጥ አሳሰበ። ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው የማስተላለፍ ክልከላ በዚህ መንገድ ከወንጀል ሕግነት ወደ ዝምድና ሕግነት ከፍ አለ።

መሣሪያን በታጠቀ ነዋሪ የመቆጣጠር ዘዴው አባት የሌለው አይደለም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ ባካሄደው አሰሳ፣ ማለትም ቤት ለቤት በሚደረግ የመሣሪያና የተቃዋሚ ፍለጋ፣ ነዋሪውን ትጥቅ ለማስፈታት የዞሩት ራሳቸው የታጠቁ የቀበሌ ጓዶች ነበሩ፤ መሣሪያን በመሣሪያ የማጥፋት ፍልስፍና ከዚያ ወዲህ ብዙም የተሻሻለ አይመስልም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ አሳንሰር በሌላቸው የጀሞ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች የሚካሄድ ብርበራ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ፈታሾቹ በምድር ቤትና በአንደኛው ፎቅ ፍራሽ ይገለብጣሉ፣ የጤፍ በርሜል ውስጥ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይከትታሉ፣ የሠርግ አልበም ሳይቀር ያገላብጣሉ፤ በሁለተኛው ቁም ሣጥን ከፍተው ይዘጋሉ፤ በሦስተኛው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው «መሣሪያ አለ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በአራተኛው የሚኖረው ሰው ግን ከፈታሾቹ ትንፋሽ ማጠር የተነሣ ሰላማዊነቱ ያለ ምርመራ ይረጋገጥለታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የዜጋን መኖሪያ ቤት ከሕገ ወጥ ፍተሻ ይጠብቃል፤ ደረጃውም በበኩሉ የድርሻውን ይወጣል።

በምዝገባው ሰልፍ የሚቆመው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፈቃዱን በፌስታል ይዞ የሚመጣ ጡረተኛ ነው፤ ሽጉጥ በጭነት መኪና ሆድ ደብቆ የሚያስገባው ነጋዴ ለወረፋ የሚሆን ጊዜ የለውም። ስለዚህ መንግሥት የጡረተኛውን መለያ ቁጥር በመዝገብ አስፍሮ የቁጥጥሩን ስኬት ያበሥራል። በቀጣዩ መመሪያ አንዲት አንቀጽ ብትጨመር ሥራው የተሟላ ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ማንኛውም ነዋሪ ብርበራ በሚደረግበት ዕለት መታወቂያውን ይዞ ከነመሣሪያው ወደ ምድር ቤት የመውረድ ግዴታ ይኖርበታል፤ ጉልበቱ የማይፈቅድለት ከሆነም ለጎረቤቱ በውክልና መስጠት ይችላል።