ባሕር አልባው ወደብ

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ስለሌለን የመዝናኛ መርከብ አይመጣብንም፤ የቦሌ ትራንዚት መንገደኛ ግን ይመጣል። «አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል? መርካቶን በራሴ ፕሮግራም አያለሁ» ይላል። ፕሮግራሙን ብታዩት ታዝኑለታላችሁ፦ ቦምብ ተራ 20 ደቂቃ፣ ምናለሽ ተራ 10፣ ሸማ ተራ 5። አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ጭነት እስኪያራግፍ የሚቆምበትን ሰዓት የትም አልጻፈውም። ተሸካሚው «ዞር በል!» ሲለው ሰላምታ መስሎት እጁን ያውለበልባል። እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግነው እንኳ አንዲት ፍራሽ ለመግዛት ሙሉ ቅዳሜ እንሠዋለን! ባሕር ባላቸው አገሮችም መርከቡ የሚጠብቀው በመርከቡ አስጎብኚ የወጣውን ነው፤ ብቻውን የወጣውን ጥሎት ይሄዳል። አውሮፕላንማ ጭራሽ አያውቅህም። ስለዚህ ወንድማችን፣ መርካቶ ካማረህ ትኬትህን ለነገ አስቀይር።