ጉዳዩ፦ ስሜ በሞንታርቦ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበረው የቀበሌያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

በዚህ ደብዳቤ ላይ ስሜን አልጻፍኩም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ እናንተው አስተዋውቃችሁልኝ ስለጨረሳችሁ ቀለም ማባከን ሆኖብኝ ነው። ከመናኸሪያው እስከ እህል በረንዳው፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ያን ቅዳሜ ከተማ ውስጥ የዋለ ሁሉ ስሜን ከነአባቴ በቃሉ ይዞታል። የአያቴን ስም ግን አላነበባችሁትም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው፤ እደርስበታለሁ።

የምጽፈው በፍጹም አክብሮት ነው። ለቀበሌ ያለኝ አክብሮት ደግሞ የዛሬ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ቀበሌ የሚባል ነገር ወደ ሰፈራችን ሲገባ ልጅ ነበርኩ። ስኳርና ሳሙና በተራ ሲታደል እናቴ ልካኝ ተሰልፌያለሁ። መታወቂያዬን ያተማችሁልኝ እናንተ፣ ቤት ስሠራ ግራ ቀኙን አይታችሁ የፈቀዳችሁልኝ እናንተ። ሌላው ሰው መንግሥት ሲባል አዲስ አበባ ያለውን ያስብ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው የእናንተ የቆርቆሮ በር ነው፤ "ስብሰባ ላይ ነን" የሚለው ወረቀት ሳይቀር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

የሰፈራችን አንዲት እናት አርፈው ድንኳን ተጥሎ ነበር። እኔ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይህ ሥራ ደመወዝ የለውም፤ ሰው "እጁ ንጹሕ ነው" ብሎ ሲያምንህ ይሰጥሃል፣ ያው መታመንህ ነው ክፍያህ። ድንኳኑ ጥግ መዝገቤን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በግራ እጄ ንፍሮ በቀኜ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ባጃጃችሁ መጣች። ጣሪያዋ ላይ ሞንታርቦ በገመድ ታስሮባታል። በቅድሚያ የሠርግ ዘፈን አሰማችን። ከቀብር ገና መመለሳችን ነው፤ እግራችን አልታጠበም። ሾፌሩ ድንኳኑን ሳያይ ቀርቶ ይሆናል ብለን በልባችን ይቅር አልነው። ዘፈኑ ተቋረጠና ጉሮሮ ተጠረገ። "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ ይሰማል?" ይሰማል። እጅግ አድርጎ ይሰማል። "የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች! ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ንጣፍ የሚጠበቅባቸውን መዋጮ እስካሁን ሳይከፍሉ ልማታችንን ወደ ኋላ የሚጎትቱ ግለሰቦች ስም ዝርዝር እንደሚከተለው ነው!"

ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ መንገዱ ራሱ መጥቶ ምስክርነቱን ሰጠ። ባጃጇ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ያለው አረንቋ ውስጥ ገብታ ቀረች። ገንዘብ የተሰበሰበበት፣ ጥርብ ድንጋዩ ዳር ላይ ተከምሮ ሣር የበቀለበት ያው መንገድ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ያስጓራል፣ ጎማው ጭቃ ይረጫል። አንባቢያችሁ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይወድ ሰው ነውና ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ ደገመው። ከዚያም ሠለሰው። መንገደኛ ተቸግሮ እያዩ መቀመጥ በእኛ አገር ነውር ስለሆነ ለቀስተኛው ነጠላውን አደግድጎ ወጣና ገፋ። ከገፉት አንዱ እኔ ነኝ። ትከሻዬን ባጃጇ ላይ አሳርፌ "በል ሆ!" ስል ስሜ ከራስ ቅሌ በላይ እንደገና ተጠራ። ባጃጇ ወጣች። አንባቢው ምስጋና አልነፈገንም፤ "ለልማት ተባባሪዎች ምስጋናችን የላቀ ነው!" አለና ሄደ። ስለዚህ በአንድ ሞንታርቦ፣ በአንድ ቦታ፣ የልማት ጎታችም የልማት ተባባሪም ተብዬ የተመዘገብኩ በከተማችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። የዕድሩ ዳኛ ዓይናቸውን ወደ መዝገቤ ላኩና ቶሎ መለሱት። የሟች እህት፣ የራሳቸው ሐዘን ሳያንሳቸው፣ አጠገቤ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ቸግሮህ ከሆነ ለምን አልነገርከንም?" አሉኝ። ዕድርተኛው ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው የገደለኝ። በሳምንቱ ኮሚቴው "ለደንቡ ያህል" ሒሳብ ይመርመር አለ። ተመረመረ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። መዝገቡን ከያዝኩ ጀምሮ ግን ይመርመር ሲባል ያ የመጀመሪያው ነው፤ ዳኛው ውጤቱን ሲያነቡ የተሰማኝን እፎይታ አልወደድኩትም። ሌባ ነው እፎይ የሚለው።

በዚያው ቅዳሜ ባለቤቴ ገበያ ነበረች። የጤፍ ነጋዴው የቆየ ደንበኛዋ ነው፤ አስጭኖ ይልክላታል፣ ገንዘቡን እሷ ኋላ ታደርሳለች። ያን ዕለት ባጃጇ በእህል በረንዳው በኩል ካለፈች በኋላ፣ ሚዛኑን ከመያዙ በፊት "እስቲ ብሩን ልቀበልሽ" አላት። ሰጠችው። ቤት ገብታም አልነገረችኝም፤ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ዛሬ ገበያ የምትወጣው ማክሰኞ ነው፣ በትንሹ ገበያ፣ ሰው በማይበዛበት ቀን። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። እናንተም አትጠይቋትም። እዚህ ላይ አክብሮቴ ትንሽ ቢናጋ አትፍረዱብኝ። የሰው ሚስት በራሷ ከተማ አንገቷን ደፍታ እንድትሄድ ያደረገ ቢሮ ምን ተብሎ እንደሚከበር እስካሁን አልገባኝም።

ይቅርታ። ወደ ሥነ ሥርዓቱ ልመለስ።

መዋጮውን፣ 2,500 ብር፣ በኅዳር ከፍያለሁ። ደረሰኙ የእናንተ፣ ማኅተሙ የእናንተ፣ ፊርማውም የእናንተው ገንዘብ ተቀባይ። ሰኞ ጠዋት ይዤው መጣሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙን ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን አየችው፣ ገልብጣም አየችው። "የእኛ ነው" አለች፤ ድምጿ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። መዝገቡ ወጣ፣ ጣቶች በዓምዱ ላይ ወረዱ፣ ነገሩም ተገለጠ። ለካስ ሞክሼ አለኝ፤ ስሙ ከነአባቱ ከእኔ ጋር አንድ የሆነ። በአገራችን ስምህና የአባትህ ስም ከሌላ ሰው ጋር መግጠሙ ብርቅ አይደለም፤ ቅጽ ላይ የአያት ስም የሚጠየቀው ለዚሁ ነበር። ያንን ሳጥን ስንሞላው ኖረናል፤ የሚያነበው አለመኖሩን ያወቅነው አሁን ነው።

"እንግዲህ ማስተካከያው በሞንታርቦ ይነበብልኝ" አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ትኩሳት የያዘኝ ይመስል ትክ ብለው አዩኝ። "የባጃጇ ኪራይ የወጣው ከግንዛቤ ማስጨበጫ በጀት ነው" አሉ። "የእርስዎ ጉዳይ የግል ነው።"

ስሜ ሲጠፋ የሕዝብ ጉዳይ ነበር፤ ሲጠራ የግል ሆነ ማለት ነው። እሺ፣ ኪራዩን እኔ ልክፈል አልኩ። ግለሰብ በከፈለው ገንዘብ ቀበሌ ማስታወቂያ አያስነግርም፣ የጥቅም ግጭት ይሆናል ተባልኩ። የእናንተ ጥንቃቄ መቼም ልዩ ነው። ይህ ጥንቃቄ ያን ቅዳሜ የት ውሎ ነበር ብዬ ልጠይቅ አልኩና ዋጥኩት።

በምትኩ ደብዳቤ እንደሚጻፍልኝ ተነገረኝ። ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ዕዳ እንደሌለብኝ መረጋገጥ አለበት፤ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የከፈልኩበት ይምጣ፣ የውኃ ይምጣ፣ የጽዳት ይምጣ፣ የቀይ መስቀል ኩፖንም ቢኖር ጥሩ ነው። ሁሉንም አመጣሁ። ማኅተም ያዡ ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ሲመለሱ መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲመጣ የማተሚያው ቀለም አልቆ ነበር። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ስንት ደቂቃ እንደሚል አነበብኩ፤ ለማንበብ ጊዜ ነበረኝ። በመጨረሻ ደብዳቤው ወጣ። ለሚመለከተው ሁሉ ይልና፣ ግለሰቡ የሚጠበቅባቸውን መዋጮ አጠናቀው የከፈሉ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀኑ የተጻፈበት ዕለት ነው። ቅዳሜ ከዚያ ቀድሞ አልፏል። ይህን ወረቀት ለጤፍ ነጋዴው ባሳየው ምን ብሎ ያነበዋል? ሞንታርቦ አሳፍሮት ከፈለ፣ ጎበዝ ቀበሌ! እንጂ ሌላ ምን ይላል? ያሰደባችሁኝን ማስታወቂያ በማኅተም አጸናችሁልኝ ማለት ነው። የደረሰኙ ቀን ይጠቀስልኝ ብል ቅጹ ቦታ የለውም ተባልኩ።

ሌላም ነገር ጠይቄ ነበር። ሞክሼዬ ማን ነው? ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ መዝገቡን ዘጋችው፤ ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን አነሱ፣ ስልኩ ግን አልጠራም ነበር። ከተማችን ትንሽ ናት። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ ስንት መኪና እንደሚያድር፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ሕፃን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ባጃጃችሁ ስም አንብባ አታውቅም። ስለ ክትባት ተናግራለች፣ ስለ ችግኝ ተናግራለች፣ ዕዳ የሚለውን ቃል ግን ረስታዋለች። የእኔ ስም የእኔ መስሏችሁ ሳለ ገበያ መሀል ይጣላል፤ የእሱ ሆኖ ሲገኝ መዝገቡ ይዘጋል! አታላግጡብን። ጉልበታችሁ ጉልበት በሌለው ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ መዋጮ አትበሉት፣ ልማትም አትበሉት።

ሕግ እጠቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ደብዳቤው ከረዘመ አይቀር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የሰው ሰብዓዊ ክብሩና መልካም ስሙ እንዲከበርለት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። እናንተ ሁለተኛውን ወስዳችሁ በመጀመሪያው ላይ ነዳችሁበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቁጥር 2044 ላይ በሕይወት ያለን ሰው ስም ስለማጥፋት ይናገራል። በሕይወት ያለ የሚለው ለእኔ ችግር ሆኗል። የዕድራችንን ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን ዞሮ ንጽሕናዬን እንዲያስነግርልኝ ለምኜ ነበር። ዳኛው በትሕትና መለሱኝ፤ በመተዳደሪያ ደንባችን ጡሩምባ የሚነፋው ለሞተ ነው። ቀበሌው የከሰሰኝን ያህል የሚጮኽ ነገር በከተማችን ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም እስክሞት ይጠብቀኛል።

ስለ ሌላው አልጽፍም። ውኃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመንገድ መብራቱ ለምን ቀን ቀን እንደሚበራ፣ ቦዩ ለምን ቆሻሻ መጣያ እንደሆነ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ እናንተም ያንኑ ውኃ ነው የምትጠብቁት። ለቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ ለ2010 የታሰበው ተራዘመ፣ እኛም መጠበቁን ለመድነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በድምፅ መስጫ ወረቀት ላቀርብ አልቻልኩም፣ በዚህ ወረቀት አቅርቤዋለሁ።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታ የምትሉበት ስብሰባም አልፈልግም፤ ስብሰባማ ሞልቷችኋል። የሚነበበውን አዘጋጅቼላችኋለሁ፦ "ባለፈው ያነበብነው የከፈለ ሰው ስም ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን።" ይኸው ነው። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ታነባላችሁ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ገበያው የሞላበት ሰዓት ይሁን። የሠርግ ዘፈኑን ከፈለጋችሁ አስቀድሙ፤ ለዚህኛው ይስማማል። በእህል በረንዳው በኩል ስታልፉ ቀስ በሉ፤ ነጋዴው ጆሮው ከበድ ይላል፣ ያን ዕለት ግን እንዴት እንደሰማ እንጃ። ባጃጇ አረንቋው ውስጥ ከገባች ሌላ የሚገፋ ፈልጉ።

መልሳችሁን በወረቀት አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
ከፍሎ ያልከፈለው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ዳኛ
ለጤፍ ነጋዴው
ለሞክሼዬ (አድራሻቸው በጽሕፈት ቤታችሁ ይታወቃል)