የውሻ ቅምሻ

«ይቺ ውሻ ናት ወይስ የውሻ ቅምሻ?»

መተማ፣ ገንዳ ውኃ መናኸሪያ በር ላይ የተወረወረች ተረብ ናት። ወርዋሪው የሰሊጥ ደላላ ነው፤ ሰሊጥ በሌለበት ወራት የወሬ ደላላ። የተወረወረባት ለሥራ ተመድባ ከአዲስ አበባ የወረደች ልጅ ናት፤ ከእጅ ቦርሳዋ አፍ ሁለት ሰፋፊ ጆሮዎችና ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ብቅ ብለዋል። ቺዋዋ ናት። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል መለሰች፦ «ቅምሻ ናት አያ። ዋናው ጭነት አንተን ከሩቅ አይቶ ተመለሰ።»

ይህ ዓምድ ምንጊዜም ከአሸናፊው ጋር ነውና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቅምሻዋ ጠበቃ ሆኛለሁ። ደላላ ግን በአንድ ዙር አይረታም፤ ቢረታማ ኖሮ ደላላ አይሆንም ነበር።

«ለመሆኑ ምን ትሠራለች?» አለ።

በዚህ ቆላ ማንም ፍጡር መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ግመሉ ይጭናል፣ አህያዋ ውኃ ታመላልሳለች፣ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ሰሊጥ ያጭዳል፣ ኢንቨስተሩ ስልክ ያወራል። ውሻም ካምፕና በረት ይጠብቃል። እሷስ? ምንም። የቺዋዋ ሥራ ሰው መውደድ ነው፤ ያውም አንድ ሰው። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮው የቺዋዋ ግዛት ነው፤ የዝርያው መስፈርት የሚፈልገው ክብደት ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ነው። አንዴ ጌታዋን ከመረጠች ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ታያለች። በር ሲንኳኳ ከማንም ቀድማ ትጮኻለች። ቁመቷን የነገራት ሰው ስለሌለ ከግመል ጋር ለመደባደብ ትነሳለች። «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሉ ይሄዳል» የሚለውን የከተማ ሰው ለስብሰባ ማሳመሪያ ነው የሚያውቀው፤ መተማ ላይ ግመሉ እውነተኛ ነው፣ ቆም ብሎም ያያታል።

«እኔ እንኳ ሥራ አለኝ» አለ ደላላው።

«ሰሊጥ ሲደርስ ነው ያለህ። እሷ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ናት፣ ግን ኮሚሽን አትቆርጥም።»

«ጅብ ቢያገኛት እኮ አይበላትም፤ ጥርሱን ይጎረጉርባታል!»

እዚህ ላይ ጠበቃ ብሆንም ደንበኛዬን አልዋሽላትም፤ እውነቱን ነው። ጅቡም ብቻ አይደለም። 2 ኪሎ ማለት የአበሻ ዶሮ ናት፤ ንስር ከላይ ሲያያት ውሻ ናት ዶሮ ናት ብሎ አያጣራም። ስለዚህ ብቻዋን ግቢ አትለቀቅም፣ ስትወጣ በማሰሪያ ነው፣ ማሰሪያውም አንገቷ ላይ ሳይሆን ደረቷ ላይ ይሁን፤ የቺዋዋ የአየር ቧንቧ ደካማ ነው፣ በአንገቷ የሚጎትታት ሰው ዕድሜ ልኳን ያስላታል። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ እንደ ሕፃን ርግብግቢት ያልገጠመ ስስ ቦታ አላቸው። ከአልጋ ስትዘል የጉልበቷ ሎሚ ይንሸራተታል። ስለዚህ ገና መሮጥ የጀመረ ሕፃን ያለበት ቤት እሷን የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም አልወደደም፤ ሕፃኑ ይጥላታል፣ እሷም ትነክሰዋለች።

አሁን ደግሞ ተረቡ ወደ ልጅቷ ይዙር። ምክንያቱም ያቺ ቅምሻ ከቦርሳው ስትወጣ ሹራብ ለብሳለች። ሹራብ! ደባርቅ ቢሆን እሺ፤ ጠጉሯ አጭር፣ ሥጋዋ ጥቂት ስለሆነ ብርድ ያንቀጠቅጣታል፣ ዳባት ላይ ሹራብ ቢደረብላት ማንም አይስቅም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከአዘዞ ቁልቁል የሚወርደው አስፋልት መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ግን ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። እዚህ ሹራብ የሚለብሰው የታመመ ብቻ ነው።

ደላላው ይህንን አላለፈውም። «እህቴ፣ ውሻዋን አምጥተሻት ነው ወይስ ልትጠብሻት?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣች። መልሱን እኔ ልስጥ። ውሻ እንደ እኛ አያልበውም፤ ከመዳፉ ሥር ትንሽ ላብ አለችው፣ የቀረውን ሙቀት የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ አንጎሉም ኩላሊቱም መጎዳት ይጀምራል። ልጅቷ ዕድለኛ የሆነችው ቺዋዋ በመምረጧ ነው፤ አፍንጫዋ ከነ ፔኪኒዝና ከነ ፐግ የተሻለ ይተነፍሳል። ፊታቸው የተደፈጠጠውን እነዚያን ይዞ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው አብሮ አካፋ ይያዝ። ቺዋዋዋም ብትሆን ሆዷ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ እኛ በጫማ የምንረግጠውን እሳት እሷ በባዶ እግሯ ትረግጣለች። የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርገህ ጥቂት መታገሥ ካልቻልክ እሷም አትችልም። ማለክለኳ ከበዛ፣ ለሐጯ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደች ጥላ ሥር አስገብቶ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ማራስና ማራገብ፣ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ነው። መኪና ውስጥ «አንዴ ስልክ ልሙላ» ብሎ ትቷት የሚወርድ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው።

«እሺ፣ ቀን ቤት ትዋል፤ ማታስ?»

ማታማ የቆላው ሌላ ጌታ ይነሳል። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ቀን የምትውለው የአሸዋ ዝንብ ማታ ትወጣለች። ከትንኝ ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ ይዛ የምትመጣው ግን ካላዛርን ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከሙት ይገድላል። ሙቀት ሸሽቶ ደጅ በገመድ አልጋ የሚተኛው፣ ከግራር ሥር ጋደም የሚለው የቀን ሠራተኛ ነው ዋናው ተጠቂ። ለዚህ ነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል ያለው፤ ታካሚው በብዛት የሚሄደው ከእኛው ቆላ ነው።

ውሻስ? በኢትዮጵያ በሽታው በዋናነት ከሰው ወደ ሰው በዝንቧ አማካይነት እንደሚሄድ ነው የሚታመነው፤ ተውሳኩ ግን በውሾችም ደም ተገኝቷል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ተመራማሪዎች ማን እንደታመመ ቆጥረው ሦስት ነገር አዩ፦ ማታ ደጅ መተኛት፣ ቀን ግራር ሥር መተኛት፣ ውሻ ማሳደር። ውሻው ራሱ በሽታውን ያቀብል ወይስ ዝንቧን ወደ ቤት ይጥራት ክርክሩ አላለቀም። ባለ ቺዋዋዋ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ከመሸ ውሻዋ ደጅ አትወጣም፣ አንገቷ ላይ ዴልታሜትሪን ያለው ቀበቶ አለ፣ ስትተኛም አጎበር ውስጥ ናት።

«ለውሻ አጎበር!» ብሎ ደላላው ጭኑን መታ።

«ምን ላድርግ አያ፣ አንተ የተሰጠህን የጫጩት አጥር አደረግኸው።»

መናኸሪያው ሙሉ ሳቀ። የሳቁት ግማሾቹ የአጎበራቸውን አድራሻ ያውቁታል።

ምግብ ላይ ደግሞ የሚጣሉት ልጅቷና ጎረቤቷ ናቸው። ጎረቤቷ እናት ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ደግሞ በዶሮ ወጥ ነው። «እንኪ ልጄ፣ ከሲታ ሆናብሻለች፣ አጥንቱን ስጫት» ይላሉ። እትዬ፣ ከልብ ነው የምናከብርዎት፤ ግን ዶሮ ወጥ ማለት በቅቤ የበሰለ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። እኛ የወጥ መሠረት የምንለው ለእሷ መርዝ ነው፣ ለ2 ኪሎ ሰውነት ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም እንዲሁ። ያልተቀመመ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ትንሽ እንቁላል ይበቃታል፤ ቡችላ ከሆነች ደግሞ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ ምክንያቱም ትንንሾቹ ከራባቸው ስኳራቸው ወርዶ ይዝለፈለፋሉ። አንድ ኮረሪማ በምታህል አፍ ውስጥ እንደ ማንኛውም ትልቅ ውሻ 42 ጥርስ ስለተጨናነቀ መቦረሽ አለባቸው። ጥርሱን በመፋቂያ የማያስነካ ሰው ይህንን ሲሰማ ይስቃል፤ አፉን ሲከፍት ግን የሚስቀው ሌላው ነው።

ቤት ውስጥ ውሻ ማስገባትን በተመለከተ መተማ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከሞላ ጎደል ተስማምተዋል። ያኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትጠጋ ይላል፣ ይህኛው የላሰችውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠብ ይላል። ልጅቷ ሳህኗን ለየች፣ ቡና ስትጠራም ቅምሻዋን ቤት ትታ ትሄዳለች። ይህ ጨዋነት ነው፣ ተረብ አያስፈልገውም።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል አለ። የለም፣ የቤተ መንግሥት ቅብጠት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ነበራቸው፤ አብሯቸው ፎቶ ተነስቷል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ሉሉ የሹማምንቱን ጫማ ያረጥብ እንደነበር፣ ጫማውን በሳቲን ጨርቅ የሚጠርግ አንድ አገልጋይም እንደነበር ያወራል። እኔ አላምነውም፤ የሜክሲኮን ውሻ የጃፓን ዝርያ ብሎ የጻፈ ሰው ጫማውንም ውሻውንም በደንብ አላየም። በዚያ ላይ መጽሐፉን የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚያምነው ጥቂት ነው። ይሁን፣ እውነት ነው እንበል። ዛሬም በየቢሮው ጨርቅ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ የጠፋው ውሻው ነው።

ሜክሲኮም ብትሆን ባዕድ አይደለችም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትይዝ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ አዲስ አበባ አደባባይ የሰየመችላት ለዚያ ውለታ ነው። በየቀኑ ታክሲ ላይ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እየተባለ ይጠራል፤ የአገሯን ልጅ ግን ገንዳ ውኃ ላይ «ቅምሻ» ብለን ተቀበልናት።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። ደላላው በመጨረሻ ያለውን ጥይት ተኮሰ፦ «የኔ ውሻ ካምፕ ይጠብቃል፣ ጅብ ያባርራል፣ ወንድ ነው! ያንቺ ክትባት ብቻ ነው የምትወጋው።»

ሞኝ ሰው የራሱን ጥፋት እንደ ፉከራ ይናገራል። የደላላው ውሻ ተከትቦ አያውቅም። ሌሊት ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ቄራ ደጅ ይናከሳል፣ ከዱር ቀበሮም ጋር ይጋጠማል። በዓለም ላይ ሰው ከሚሞትበት የእብድ ውሻ በሽታ 99 ከመቶው የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ሲወድቁ መድኃኒቱ ፓሪስ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ የደላላው ውሻ ጋ ግን እስካሁን አልደረሰም። ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያም ይደገምለታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያጥባል፣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምራል፤ ሥር ቀምሞ «በሰባት ቀን ይወጣል» የሚለውን ሰው ከዚያ በኋላ ይጎብኘው።

እንግዲህ ከሁለቱ ውሾች ሰው የሚያድንብህ የትኛው ነው? ትልቁ ውሻ ጅብ ያባርርና ልጅህን ይነክሳል፤ ቅምሻዋ ብትነክስህ ግን ክትባቷ አላት፣ ቁስሉን አጥበህ ሐኪም ታማክራለህ። ደላላው ይህን ሰምቶ ለአፍታ ዝም አለ። ሲደልል እንኳ እንዲያ አስቦ አያውቅም።

የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ ግን ደላላው ውሻውን በገመድ እየጎተተ፣ እሱም በውሻው እየተጎተተ ደረሰ። ከፊቱ ቅምሻዋ በልጅቷ ክንድ ላይ ሆና እንደ ዳኛ ታየዋለች። ሐኪሙ የክትባት ካርዱን አወጣ።

«ስም?»

ደላላው ጭንቅላቱን አከከ። ለአምስት ዓመት «ና» እና «ሂድ» ከማለት በቀር ስም አውጥቶለት አያውቅም።

«ውሻ» አለ።

ልጅቷ ከኋላው፦ «አያ፣ የተጠየቅኸው የሱን ስም ነው፤ ያንተ በኋላ ይደርሳል።»