አማካሪው አስታማሚ

«እናታችሁን ማን ያስታምማታል?» ሲሉኝ አፌን ሞልቼ «እኛው ነን» እላለሁ። እኛ ማለት እህቴ ናት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ አንጠልጥዬ ብቅ የምለው ነኝ። እማዬ ስኳር ስላለባት ሙዙንም የምበላው እኔው ነኝ።

ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ሥራ ተከፋፍለናል። እህቴ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ግፊቷን ትለካለች፣ ኪኒን በሰዓቱ ትሰጣለች። እኔ አመራር እሰጣለሁ። «አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ይቆስላል» ብዬ ከስልኬ ያነበብኩትን በሰፊው ሳብራራላት፣ እሷ የእማዬ ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ባቷ ሥር ትራስ ትሸጉጥ ነበር። «ሌሊትም?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሌሊትማ በተለይ!» አልኩና ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ለእህቴ መብት ግን ታጋይ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። በሕይወት እያለ ለማስታመምስ? በስሙ የተጻፈ ባለደመወዝ ፈቃድ የለም። ይህን በሻይ ሰዓት እያነሳሁ ስንቴ ጠረጴዛ ደበደብኩ! እህቴ ሥራዋን ከለቀቀች ቆየች። እኔ የዓመት ፈቃዴን ላንጋኖ ጨርሼዋለሁ።

በቀደም እህቴ ጥርሷን ልታስነቅል ወጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘችው ሽርሽር ነው። ተረኛው እኔ ሆንኩ። ሾርባውን በማንኪያ አስጠግቼ «ክፈቺ» ስላት፣ እማዬ «ተኝቼ? መጀመሪያ ቀና አድርገኝ እንጂ፤ ልታንቀኝ ነው?» አለች። ዳይፐሩን የኋላውን ወደ ፊት አድርጌ አሰርኩት። ፈታሁት፣ ገለበጥኩት፣ አሁንም የኋላውን ወደ ፊት አሰርኩት። ላብ አጠመቀኝ። ለእህቴ ደወልኩ። ጥጥ ነክሳ «እምም… እም እም» እያለች መራችኝ።

ማታ ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጡ። እማዬ «ዛሬ እኮ ልጄ ነው ሲያስታምመኝ የዋለው፣ ወንድ ልጅ ሆኖ!» አለች። ምርቃቱ ወረደ። «እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ!» ሲሉኝ ብድግ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። እህቴ ጉንጯ አብጦ ቡና ታፈላለች። እሷን የመረቀ የለም፤ የሴት ልጅ ወጉ ነዋ!

አሁን የቅዳሜ ሌሊት የእኔ ተራ ሆኗል። እህቴ በሯን ዘግታ ትተኛለች። እኔ እማዬን በየ2 ሰዓቱ አገላብጣለሁ። ሰዓት አልፎኝ አያውቅም፤ በደህና እጇ ትራስ ወርውራ ትቀሰቅሰኛለች።