የሰማይና የምድር መንገደኞችን ክርክር ለመዳኘት የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ! የማይሰማ ሞተር ላይ ይቀመጥ!

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ጉዞ፣ በአውሮፕላን የሚሄደው አንድ ሰዓት ያህል በአየር ላይ ሲቆይ፣ በአውቶቡስ የሚሄደው ከንጋት እስከ ማታ ስለሚንገላታ፤ ሁለቱም አንድ ሰርግ ላይ በተገናኙ ቁጥር «አንተ መቼ ተነሣህ?» እየተባባሉ ሚዜውን ሳይቀር ስላሰለቹ፤ በአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ አምስት ሆነን የተጠጋጋነው እኛ እንደሚከተለው አውጀናል። (የመንገዱ ሰላም ራሱን የቻለ አዋጅ ስለሚሻ እዚህ አልተነካም።)

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «አሁን እንነሣለን» ማለት ገና ነን ማለት ነው፤ «ሞልቷል» ማለት ስድስት ሰው ይቀረዋል ማለት ነው፤ «በረራው ለጥቂት ጊዜ ዘግይቷል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛም አጣርተን አልደረስንበትም።

አንቀጽ 2፦ ስለ መስኮት

ማንኛውም የአውቶቡስ ተሳፋሪ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ላቡ ሸሚዙን ቢያጣብቀውም፣ መስኮት መክፈት አይፈቀድለትም። ደፍሮ የከፈተ እንደሆነ ከኋላው የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ነፋስ ይመታኛል፣ ዝጋው» የማለት መብታቸው የተጠበቀ ነው። በሙቀት የታመመ ሰው አላየንም ይላሉ፤ በነፋስ የተመታ ግን በየቤቱ አለ። ይኸው ተሳፋሪ አውሮፕላን ሲሳፈር ደግሞ ጨርሶ የማይከፈተውን መስኮት አገኛለሁ ብሎ ከገዛ እህቱ ጋር ይጣላል። አዋጅ አውጪው ይህን ለማስታረቅ ሦስት ሌሊት አስቦ ትቶታል።

አንቀጽ 3፦ ዓባይን አይቻለሁ ስለ ማለት

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶና ወጥቶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ የተሻገረ «ዓባይን አየሁ» ሊል ይችላል። በአየር ያለፈው «ከታች አንድ ስንጥቅ ነበር» ብሎ ይመስክር፤ ከዚያ በላይ ቢጨምር በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃል። ነገር ግን ቁልቁለቱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እመቤቴን እየተጣራ የወረደ የምድር መንገደኛም ድምፁን ዝቅ ያድርግ። እኛም ከዚሁ ወገን ነን።

አንቀጽ 4፦ ስለ ምሳ

ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ሲጮኽ የሚደነግጥ ጀማሪ ነው። ሹፌሩ ጥብሱን ሳይጨርስ አውቶቡስ ተነሥቶ አያውቅም፤ ልምድ ያለው መንገደኛ ሰዓቱን ሳይሆን የሹፌሩን ትሪ ይመለከታል። በአውሮፕላን የሚታደለው ቁራሽ ምሳ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ጭነትና ስለ ክብር

የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በግ እንኳ ስሙ ሳይጠየቅ ይሳፈራል። በአየር የሚሄደው ግን መታወቂያውን ያሳያል፣ ሻንጣውን ያስመዝናል፣ የአክስቱ ቅቤ ቅቤ ብቻ መሆኑን ያስረዳል። ጫማውንና ቀበቶውን አውልቆ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው እጁ የእናቱን በርበሬ ይዞ የቆመ ጎልማሳ፣ ለአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መምጣቱን ሰርግ ላይ አይናገርም። ከዛሬ ጀምሮ ይናገራል። የምድር መንገደኛውም በበኩሉ፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ገብቶ የዋለበትን ጉዞ «አገር እያየሁ መጣሁ» ብሎ ከማሳመር ይቆጠባል። የሁለቱም ዘመዶች ያውቃሉና።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ አውቶቡሱ ሞልቶ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ረዳቱ አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ነው።